«በምን ቴሌስኮፕ?» ከማንኩሳ እስከ መጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች

ማንኩሳ ሲባል ብዙ አንባቢ ቶሎ ትዝ የሚለው በዛብህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጀመሩት እዚያች ትንሽ ከተማ ላይ ነው። ከልብ ወለዱ ውጭ ያለችው ማንኩሳ ደግሞ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ በቆሎና በርበሬ በሚታፈስበት አገር፣ መኪና መንገድ ዳር የተቀመጠች ናት። ከዚያ አካባቢ ፊዚክስ የወደደ ልጅ ተነሥቶ «የጋላክሲዎችን አፈጣጠር ማጥናት እፈልጋለሁ» ቢል የሚመለስለት መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «በምን ቴሌስኮፕ?»

ይህ መልስ የሚነገረው ለማሾፍ ሳይሆን ለምክር ነው። ቤተሰብ ይለዋል፣ መምህር ይለዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም የሚለው አይጠፋም። ግን ምክሩ ጊዜው አልፎበታል። ስለ መጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው አንድ ሰው ሌሊት መስታወት ሥር ቁጭ ብሎ በማየቱ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ጋዝ አፍስሶ፣ የፈሰሰው ጋዝ ብርሃንን እንዴት እንደሚውጥ አስልቶ፣ ስሌቱን ከታየው ጋር አስተያይቶ ነው። ሲሙሌሽን የሚባለው ይህ ነው። ኢትዮጵያን የመሰለ አገር ደግሞ በሥነ ፈለክ ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ ገብቶ እኩል የሚከራከርበት በር ቢኖር፣ ከሁሉ የሰፋው ይኸኛው ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይነገር ክርክሩ አይገባም።

በዓለም ላይ ካለው ተራ ቁስ አብዛኛው ኮከብ አይደለም፤ ጋዝ ነው። ጋላክሲ የሚሠራው ይህ ጋዝ ወደ አንድ ቦታ ሲፈስ፣ ሲቀዘቅዝና ሲጠብቅ ነው። ችግሩ ጋዙ እንደ ኮከብ አያበራም። የማያበራ ነገር እንዴት ይታያል? ጎጃም ውስጥ ክረምት ያደረገ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ጉም ወርዶ አገሩን ሲሸፍነው፣ ከማዶ ያለ ፋኖስ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ጉሙ የሚመዘነው በራሱ ብርሃን ሳይሆን ከፋኖሱ በቀነሰው ብርሃን ነው። በሰማይ ላይ ፋኖሱ ኳዛር ይባላል። ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲውጥ ዙሪያው እየጋለ የሚያወጣው ብርሃን ነው፤ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ከተነሣበት ጀምሮ በመንገዱ ያገኘውን ጋዝ ሁሉ እያቋረጠ ይመጣል።

ሃይድሮጅን ደግሞ ሁሉንም ቀለም እኩል አይውጥም። የተወሰነ ቀለም አለው፤ ሊማን አልፋ ይሉታል። ዓለም እየሰፋች ስለሆነ በየርቀቱ ያለው ደመና የሚነክሰው ንክሻ በተለያየ ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የኳዛሩ ብርሃን ተበትኖ ሲታይ ጥርሱ እንደተሰባበረ ማበጠሪያ ነው። እያንዳንዱ የወለቀ ጥርስ አንድ ደመና ነው። አብዛኞቹ ስስ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን በጣም ወፍራም፣ ኮከብ ሊወለድባቸው የሚችሉ የሃይድሮጅን ክምችቶች ናቸው። አጠገባቸውም የካርቦን፣ የኦክስጅን፣ የሲሊኮን ንክሻ ይገኛል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚፈጠሩት ኮከብ ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚያ ጋዝ በፊት የኖሩና የሞቱ ኮከቦች እንደነበሩ ይመሰክራሉ። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ውስጥ የመጀመሪያው አንድና ሁለት ቢሊዮን ላይ ምን እንደተደረገ ከሚናገሩት ምስክሮች አንደኛው ይህ የተነከሰ ብርሃን ነው።

ምስክርነቱ ግን ጠባብ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ በቆሎ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ሳይፈታ ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት ሰክቶ ጥቂት ፍሬ ያወጣል። ያችን እፍኝ አይቶ ስለ ጆንያው ሁሉ ይፈርዳል። ኳዛርም እንደዚያ ብረት ነው፤ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ብረቱ የደመናውን መሃል ይንካው ጠርዙን፣ ደመናው ክብ ይሁን ጠፍጣፋ፣ አንድ ይሁን አምስት ተደራርቦ፣ ከእፍኙ አይታወቅም።

ሲሙሌሽን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሳይንቲስቱ ጆንያውን ራሱ ይሠራል። ከዓለም ልጅነት ጊዜ የቀረውን ጨረር በመለካት የሚታወቅ፣ ከመቶ ሺህ አንድ ያህል የሆነ ጥቃቅን አለመስተካከል አለ። እሱን መነሻ አድርጎ የስበትን ሕግ፣ የጋዝ ፍሰትን ሕግ፣ ጋዝ የሚቀዘቅዝበትን መንገድ፣ ኮከብ ሲፈነዳ የሚረጨውን ይጨምራል፤ ከዚያ ጊዜን ያስኬዳል። በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ጋዙ እንደ ድር ይያያዛል፣ በድሩ መገናኛ ላይ ጋላክሲዎች ይበቅላሉ። ዓለሙ ከተሠራ በኋላ ያው ሹል ብረት በሺህ ቦታ ይሰካበታል፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የኳዛር ብርሃን ቢያልፍ ምን ዓይነት የተሰባበረ ማበጠሪያ ይወጣ እንደነበር ይሰላል። ከእውነተኛው ጋር ካልገጠመ፣ ከገቡት ግምቶች አንዱ ስሕተት አለበት ማለት ነው።

«እንግዲያ ይህ የፈለጉትን አስገብቶ የፈለጉትን ማውጣት አይደለም?» የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በእርግጥ የተደበቀ ግምት አለ። ቲኤንጂ50 የተባለው፣ ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ ከ16,000 በላይ ኮር ባለው ኮምፒውተር ከአንድ ዓመት በላይ የሮጠው ሲሙሌሽን እንኳ፣ ትንሹ የጋዝ ቁራሹ የብዙ አሥር ሺህ ፀሐዮች ክብደት አለው። አንድ ኮከብ በዚያ ውስጥ አይታይም። ኮከብ እንዴት እንደሚወለድና እንደሚፈነዳ በግምታዊ ቀመር ነው የሚገባው። ይህን የማይናገር የሲሙሌሽን አድናቂ ካለ አይታመን።

ግን የሆነውን ታሪክ ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጄሰን ፕሮቻስካና አርተር ዎልፍ እነዚያን ወፍራም የሃይድሮጅን ደመናዎች ሲያጠኑ ጋዙ በውስጣቸው በከፍተኛ ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስና የንክሻው ቅርጽ ወደ አንድ ጎን እንደሚያጋድል አስተዋሉ። ድምዳሜያቸው እነዚህ ትልልቅ፣ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ጠፍጣፋ ጋላክሲዎች ናቸው የሚል ነበር። ይህ በጊዜው ለነበረው ሐሳብ ራስ ምታት ነው፤ ጋላክሲ ከትናንሽ ቁርጥራጭ እየተሰበሰበ ቀስ ብሎ ያድጋል ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1998 ሄነልት፣ ስታይንሜትስና ራውክ በሲሙሌሽን መጡ። ትናንሽ የጋዝ ቋጠሮዎች እየተላተሙ ሲዋሐዱ ሹል ብረቱን ሰኩበት፤ ያው ፍጥነት፣ ያው ያጋደለ ቅርጽ ወጣ። ትልቅ ጠፍጣፋ ጋላክሲ ሳያስፈልግ!

ብዙ ሰው ክርክሩ ተዘጋ ብሎ ነበር። በ2020 ግን ቺሊ በረሃ ላይ ያለው አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ስብስብ፣ ዓለም 1.5 ቢሊዮን ዓመት ብቻ በነበራት ጊዜ በሰከንድ 272 ኪሎ ሜትር የሚሽከረከር ቀዝቃዛ ጠፍጣፋ ጋላክሲ አሳየ። መጀመሪያ የተገኘውም በኳዛር ብርሃን ላይ በተወው ንክሻ ነው። ስሙን «የዎልፍ ዲስክ» አሉት፤ ዎልፍ ግን በ2014 ሞተው ነበርና አላዩትም። አሁን ተራው የሲሙሌሽን ሠሪዎች ሆነ፦ እንዲህ ያለ የተረጋጋ ጋላክሲ እንዴት በዚያ ፍጥነት ሊሠራ ቻለ? ይህ የፈለጉትን አስገብቶ የፈለጉትን የማውጣት ታሪክ አይመስልም። አንዱ ሌላውን እየገፋ የሄደበት የሃያ ሦስት ዓመት ሙግት ነው።

ሰማይን በስሌት መያዝ ለጎጃም ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ መርጌታ ጨረቃን ውጭ ወጥቶ ሳያይ ዕድሜዋን ያውቃል። ለ2018 ዓ.ም. ቢጠየቅ 5500 ላይ 2018 ደምሮ 7518 ይላል፤ ለ19 ገድፎ 13 ይቀረዋል፤ አንድ አትቶ ወንበሩን 12 ያደርጋል፤ በ11 አባዝቶ ለ30 ሲገድፍ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ጾሙ፣ ፋሲካው ሁሉ ከዚያ ይወርዳል። ይህ የሰማይ አምሳያ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ የተቋጠረ የጨረቃ ጉዞ።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፣ እሱንም መሸፋፈን አይጠቅምም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ከጥንት ጀምሮ ሲጠራቀም ዛሬ ልዩነቱ አራት አምስት ቀን ደርሷል። ለቤተ ክርስቲያን ይህ ጉድለት አይባልም፤ ቀመሩ የተሠራው ምእመኑ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾምና እንዲፈስክ ነው፣ ያንንም ይፈጽማል። ለሳይንስ ግን የአራት ቀን ልዩነት የምሥራች ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ላይ ነው። «ሁሉም ነገር በባሕረ ሐሳብ አለ፣ ፈረንጅ ከእኛ ወሰደው» እያሉ በየቻናሉ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ልዩነት አይነኩትም። የአባቶችን ስሌት ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ስሌትን ከታየው ጋር የማጋጨት ልማድ ሌላ ነው። የሚጎድለው ሁለተኛው ነው፤ እሱም በኩራት አይገኝም፣ በትምህርት ነው።

አፍሪካ ውስጥ ይህ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ አለ። ከታወቁት የጋላክሲ ሲሙሌሽኖች መካከል «ሙፋሳ» የተሠራው ሮሚል ዳቬ የተባሉት ሳይንቲስት ኬፕታውን፣ ዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ጊዜ ነው። የ2019 ተከታዩ «ሲምባ» ተባለ፤ በስዋሂሊ አንበሳ ማለት ነው፣ ፊልሙን ያየ ልጅ ሁሉ አባትና ልጁን ያውቃቸዋል። በዚያው አገር በካሩ በረሃ በ2018 የተመረቀው ሚርካት 64 የሬዲዮ ሳህኖች አሉት፤ ከሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ በሩቅ የሬዲዮ ምንጮች ፊት ያለውን ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን በንክሻው መፈለግ ነው። ሚርካትን የሚውጠው ታላቁ የኤስኬኤ ፕሮጀክት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስምንት የአፍሪካ አገሮችን በአጋርነት ይዟል፦ ቦትስዋና፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያ፣ ዛምቢያ። ኢትዮጵያ የለችበትም።

ኢትዮጵያ ምንም አልሠራችም ማለት ግን ሐሰት ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ብዙ ሰው «ስፔስ» ሲባል ይስቅ ነበር። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ፤ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀመረ። በታኅሣሥ 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። እነዚህ ሁሉ ፎቶ ይወጣቸዋል፣ ዜና ይሆናሉ። ፎቶ የማይወጣለት ሥራ ግን ተዘነጋ። ከሰርቢያ የመጡት ሚርያና ፖቪች እንጦጦ ላይ ኢትዮጵያውያን የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችን ይዘው ስለ ጋላክሲዎች ያደረጉት ምርምር በ2018 ከኔቸር የሚሰጠውን የ«አነቃቂ ሳይንስ» ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የዚያ ሥራ ብዙው በእንጦጦው መስታወት የታየ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ፍተሻዎች ተሰብስቦ ለሁሉም ክፍት በሆነ መረጃ ላይ የተሠራ ነው። ከአዲስ አበባ መብራት አናት ላይ የተቀመጠና ክረምቱን ሙሉ ደመና የሚሸፍነው ማዕከል ትልቁን ፍሬ ያፈራው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም፤ የሚያስገርመው ከዚህ ትምህርት አለመወሰዱ ነው። በላሊበላ ተራሮች ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ ስለማቆም የሚነገረውም መልካም ነው፤ ይቁም። ግን እስኪቆም ድረስ የሚጠበቅ ትውልድ የለም።

ሲሙሌሽኖቹ ክፍት ናቸው። የቲኤንጂ፣ የኢግል፣ የሲምባ ውጤቶች በነፃ ተለቅቀዋል፤ የሚፈልግ ተመዝግቦ ያወርዳል። ሙሉው መረጃ በላፕቶፕ የሚያዝ አይደለም፤ ግን ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም። አንድ ጋላክሲና ዙሪያውን ቆርጦ መውሰድ ይቻላል። የቲኤንጂ ሰዎችማ ተጠቃሚው በእነሱ ኮምፒውተር ላይ በድረ ገጽ በኩል ፕሮግራም ጽፎ እንዲያስኬድ ፈቅደዋል። በሰው ሠራሽ ኳዛር ብርሃን ሣጥኑን የሚወጉት ፕሮግራሞችም በፓይተን የተጻፉና በነፃ የሚገኙ ናቸው። ትልቁን ሲሙሌሽን ከባዶ ማስኬድ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ራስን ማታለል አይጠቅምም። የወጣውን መጠየቅ ግን የማንም ነው።

እንግዲህ እንቅፋቱ የት ላይ ነው? መስታወት ላይ አይደለም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ኢንተርኔት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በነበረው ጦርነት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። ፍኖተ ሰላም ላይ ያለ ተማሪ ከዓለም ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ሲቆረጥ የጠፋው ፌስቡክ ብቻ አይደለም። አንድ ቴሌስኮፕ ቢሰበር ዜና ይሆን ነበር፤ የአንድ ክልል ወጣት የመረጃ መስኮት ሲዘጋ «የሳይንስ መሣሪያ ተሰበረ» ያለ ሰው አልተሰማም። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። በአገር ደረጃም ቢሆን በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ጋላክሲ ማጥናት ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ መግባትም ለጥቂቶች ሆኗል። ከሁለቱም ወገን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ትምህርት ቤትን የጦርነቱ አካል ማድረጋቸውን እስካላቆሙ ድረስ ሌላው ወሬ ትርፍ ነው።

ሦስተኛው ግን ጦርነትም ድህነትም አይደለም፤ ልማድ ነው። አራት ዓመት ፊዚክስ ተምሮ አንድም ፕሮግራም ሳይጽፍ የሚመረቅ ተማሪ ሞልቷል። ቀመር በቃሉ ያውቃል፣ በሰሌዳ ያረጋግጣል፤ ቀመሩን አንድ ሚሊዮን ጊዜ እንዲሠራ ለማሽን መስጠት ግን አልተማረም። የዛሬው ፊዚክስ ግማሹ እዚያ ነው። ይህን ለማስተካከል የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ የሥርዓተ ትምህርት ውሳኔና የሠለጠነ መምህር ነው የሚፈልገው። በየዩኒቨርሲቲው የጋራ የሆነ መጠነኛ የስሌት ኮምፒውተር ቢቆም ወጪው ከአንድ የቴሌስኮፕ ጉልላት ጋር አይወዳደርም፤ የፊዚክሱም፣ የአየር ጠባዩም፣ የዘረመሉም ተመራማሪ ይጠቀምበታል።

«ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ እናንተ የሰማይ ጋዝ ትቆጥራላችሁ?» የሚለው ክስ ደግሞ አለ። ክሱ ከልብ የሚነሣ ስለሆነ በስድብ መመለስ ነውር ነው። የጎጃም ገበሬ ከማንም በላይ የሚያሳስበው ዝናቡ መቼ ይገባል የሚለው ነው። የዝናብ ትንበያ የሚሠራው ጋዝ እንዴት እንደሚፈስ፣ እንደሚቀዘቅዝ፣ እንደሚጠብቅ በሚነግሩ እኩልታዎች ነው። አየርን በሣጥን ከፋፍሎ፣ ለማይታየው ትንሽ ነገር ግምታዊ ቀመር አስገብቶ፣ ውጤቱን ከዝናብ መለኪያ ጋር ማስተያየት ከላይ ከተነገረው ሥራ ጋር በዘዴ ወንድማማች ነው። በጋላክሲ ጋዝ የሠለጠነ እጅ በአየር ትንበያ ሥራ ላይ ለመሰማራት ብዙ አይቸገርም። ይህ ግን ዋናው ምክንያት ሆኖ መቅረብ የለበትም። የማንኩሳ ልጅ ስለ ዓለም አጀማመር ለመጠየቅ መጀመሪያ ጥቅሙን ለማዳበሪያ ማስረዳት አለበት ከተባለ፣ ለምን የሽቱትጋርት ልጅ አይጠየቅም?

የሚጠየቅ ጥያቄም አልጠፋም። በመጀመሪያው ቢሊዮን ዓመት ውስጥ በኳዛር ብርሃን ላይ የሚታየው በእጅጉ የተሞቀ ካርቦን፣ ብዙ ሲሙሌሽኖች ከሚያወጡት ይበዛል። ወይ ኮከቦቹ ከታሰበው በላይ ካርቦን ረጭተዋል፣ ወይ ጋዙን የሚያሞቀው ጨረር በስሌቱ ውስጥ አንሶ ገብቷል፣ ወይ ሹል ብረቱ የሚነካቸው ደመናዎች ሲሙሌሽኑ ሊያያቸው ከሚችለው በላይ ትንንሽ ናቸው። የትኛው እንደሆነ እስካሁን ስምምነት የለም። ይህን ለመመርመር አንድ የታተመ ሲሙሌሽን፣ አንድ ነፃ ፕሮግራም፣ የሚመራ መምህርና በሳምንት ጥቂት ሌሊት የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ይበቃል፤ ለመጀመሪያው የማስተርስ ጽሑፍ እንኳ የሚተርፍ ሥራ አለው።